«አይሪሽ» ሲሏችሁ የትኛውን ማለታቸው ነው?

አየርላንድ ከመጣሁ ጀምሮ ከአገር ቤት ስልክ ሲደወል አንድ ቃል ይመላለሳል። እናቴ «አይሪሽ ሆንሽ ወይ?» ትላለች። ወረቀቱን ማለቷ ነው። አጎቴ «ልጆቹ አይሪሽ ይማራሉ አሉ፣ ምን ያደርግላቸዋል?» ይላል። እሱ የሚለው ቋንቋውን ነው። የአክስቴ ልጅ ደግሞ «አይሪሽ ያው እንግሊዝ አይደል እንዴ?» ይለኛል። የእሱ ጥያቄ ስለ ሕዝቡ ነው። ሦስቱም የተጠቀሙት አንድ ቃል ነው። የጠየቁኝ ግን ሦስት የተለያየ ነገር ነው።

አዲስ የሚመጡ ወንድሞችና እህቶችም በዚሁ ቃል ሲደናገሩ አያለሁ። ፎርም ሲሞሉ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡ፣ ወደ ቤልፋስት አውቶቡስ ሲሳፈሩ። አንዳንዱ መደናገር በፈገግታ ያልፋል። አንዳንዱ ግን የመኖሪያ ፈቃድን የሚነካ ነው። ስለዚህ እዚህ ኖሬ፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያንን እየተንከባከብኩ ያወቅሁትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የ77ቱ ድርቅና የኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር ላይ ያለው ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው።

በአማርኛ ይሄ ችግር የለብንም። ሰውዬው ጣልያናዊ ነው፣ ቋንቋው ጣልያንኛ ነው። ፈረንሳዊና ፈረንሳይኛም እንደዚያው። እንግሊዝኛው ግን ሰውየውንም፣ ቋንቋውንም፣ ፓስፖርቱንም፣ ቅቤውንም በአንድ «አይሪሽ» ይጠራል። እዚህ ጽሑፍ ላይ ሰውና ዜግነት ሲሆን አየርላንዳዊ፣ ቋንቋው ሲሆን አይሪሽኛ እላለሁ። እናንተም በልባችሁ እንዲህ ብትለዩት ብዙ ነገር ይቀልላችኋል።

መጀመሪያ የእንግሊዙን ነገር እንጨርስ። እኛ ብሪታንያን በሙሉ «እንግሊዝ» ማለት ለምዶብናል። ስኮትላንዱም ዌልሱም እዚያው ይገባል። ሳናስበው አየርላንድንም አብረን እንጠቀልላታለን። አየርላንድ ግን ራሷን የቻለች አገር ናት። ዋና ከተማዋ ደብሊን ነው። ገንዘቧ ዩሮ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አባል ናት። ንጉሥ የላትም፣ ፕሬዚዳንት አላት። ለዘመናት በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ኖራ፣ ከ1919 እስከ 1921 ለነጻነቷ ተዋግታ፣ በ1922 የራሷን መንግሥት አቋቁማለች። በ1949 ደግሞ ከኮመንዌልዝ ወጥታ ሪፐብሊክ መሆኗን አረጋግጣለች።

ለዚህ አገር ሰው «እንግሊዛዊ ነህ?» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ብዙዎቹ በትሕትና ያርሟችኋል፣ አይቆጡም። ግን የሚሰማቸው ነገር አለ። ከ1845 ጀምሮ የድንች በሽታ መጥቶ ረሃብ ሲገባ ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል አገሩን ጥሎ ተሰዷል። በዚያው ጊዜ እህልና ከብት በመርከብ ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር። የደሴቲቱ ሕዝብ ቁጥር ዛሬም ከረሃቡ በፊት ወደነበረበት አልተመለሰም። ይህን ያወቀ ሰው ቃሉን እንደዋዛ አይጠቀምም። በዚሁ ምክንያት ሁለቱን ደሴቶች ጠቅልሎ «የብሪታንያ ደሴቶች» የሚለው አጠራር እዚህ አይወደድም። ብሪታንያን «ዋናው ምድር» ማለትም እንደዚያው።

እኛን በቀጥታ የሚነካ ምሳሌ ልስጣችሁ። ለ77ቱ ድርቅ ዘፋኞችን ያሰባሰበውን ቦብ ጌልዶፍን ታስታውሱታላችሁ። አገራችን ውስጥ «እንግሊዛዊው ዘፋኝ» ሲባል ስንሰማ ነው ያደግነው። ሰውየው አየርላንዳዊ ነው፣ የተወለደውም ደብሊን አጠገብ ደን ሌሪ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። በ1986 ከእንግሊዝ ንግሥት የክብር ማዕረግ ተሰጥቶታል። ግን የአየርላንድ ዜጋ ስለሆነ ማዕረጉ የክብር ብቻ ነው፤ እንደ ብሪታንያ ዜጎች በስሙ ፊት «ሰር» የሚለውን በይፋ አይጠቀምም። አንድ ቃል እዚህ ድረስ ይለያል።

ከኢትዮጵያ መምጣቴን ስነግራቸው የምንከባከባቸው አዛውንቶች ብዙ ጊዜ ያን ድርቅ ያነሳሉ። በዐቢይ ጾም ልጆች ሳንቲም የሚያጠራቅሙበትን የትሮከሬን የካርቶን ሣጥን ያስታውሳሉ። ይህ ድርጅት አገራችን ውስጥ ስለሚሠራ ስሙን የምታውቁት አላችሁ። ስሙ የአይሪሽኛ ቃል ነው፣ ርኅራኄ ማለት ነው። ከዚያም በፊት ጣልያን ኢትዮጵያን ስትወር በ1935 የአየርላንዱ መሪ ኤመን ደ ቫሌራ በመንግሥታቱ ማኅበር ውስጥ ጣልያን ላይ ማዕቀብ እንዲጣል ደግፈዋል። ትንሽና ገና አዲስ አገር ነበሩ። እኔ ይህን ሳውቅ ለአገሩ ያለኝ ስሜት ጨምሯል።

አሁን ወደ ቋንቋው እንምጣ። ብዙ የሚነገር ያለው እዚህ ነው።

አይሪሽኛ የእንግሊዝኛ ዘዬ አይደለም። ሌላ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ የሚችል ሰው አይሪሽኛ ሲነገር ቢሰማ አንድ ዓረፍተ ነገር አይገባውም። ከስኮትላንድ ጌይሊክ ጋር ይዛመዳል፤ ከዌልስኛም ጋር የሩቅ ዘመድ ነው። በራሱ በቋንቋው «ጌይልጋ» ይባላል። እዚህ አገር በእንግሊዝኛ ሲጠሩት ግን «አይሪሽ» ነው የሚሉት። «ጌይሊክ» ካላችሁ አብዛኛው ሰው የሚያስበው የአገሩን እግር ኳስ ነው፣ በእጅም የሚጫወቱትን።

ሕገ መንግሥቱ አይሪሽኛን የመጀመሪያ፣ እንግሊዝኛን ሁለተኛ ይፋዊ ቋንቋ ያደርጋል። ከ2007 ጀምሮም የአውሮፓ ኅብረት ይፋዊ ቋንቋ ነው። በኑሮ ግን ሁሉም ነገር የሚካሄደው በእንግሊዝኛ ነው። በ2022 የሕዝብ ቆጠራ 1.87 ሚሊዮን ያህል ሰው አይሪሽኛ እችላለሁ ብሏል። ከትምህርት ቤት ውጭ በየቀኑ የሚናገሩት ግን 72 ሺህ ገደማ ናቸው። ቋንቋው በየቀኑ የሚነገርባቸው አካባቢዎች «ጌልታኽት» ይባላሉ። አብዛኞቹ በምዕራቡ ጠረፍ ናቸው፣ በዶኒጎል፣ በሜዮ፣ በጎልዌይ፣ በኬሪ። ረሃቡ የበረታው ደግሞ በዚያው በምዕራቡ፣ ቋንቋው በሚነገርበት ድሃ ገጠር ነበር። የሞተውና የተሰደደው ብዙው ተናጋሪው ነው። ትምህርት ቤቱም ለረጅም ጊዜ በእንግሊዝኛ ብቻ ያስተምር ነበር።

ለሥራ አይሪሽኛ ያስፈልጋል ወይ ብለው የሚጨነቁ አሉ። ለአብዛኛው ሥራ አያስፈልግም። ለነርስነት፣ ለተንከባካቢነት፣ ለሹፍርና፣ ለሆቴል፣ ለኮምፒውተር ሥራ ማንም አይጠይቃችሁም። ልዩ የሆነው የአንደኛ ደረጃ መምህርነት ነው። በመደበኛ ክፍል ለማስተማር አይሪሽኛን ማስተማር መቻል ግዴታ ነው። አገር ቤት መምህር የነበራችሁ ይህን ቀድማችሁ እወቁ። ማመልከቻ ላይ «ቋንቋዎች» በሚለው ሥር «አይሪሽ» የሚል ካለ ጥያቄው ስለዚህ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ መቻላችሁን አይጠይቅም።

ቋንቋው ግን ዓይናችሁ ሥር ነው፣ ከአውሮፕላን ከወረዳችሁበት ሰዓት ጀምሮ። የመንገድ ምልክቱ ሁሉ በሁለት ቋንቋ ነው። ጋደል ብሎ የተጻፈው አይሪሽኛ ነው፣ በትልልቅ ፊደል የተጻፈው እንግሊዝኛ። ጌልታኽት ውስጥ ከገባችሁ ግን የከተማው ስም በአይሪሽኛ ብቻ ሊሆን ይችላል። ደብሊን አውቶቡስ ላይ «አን ላር» የሚል ካያችሁ ወደ መሐል ከተማ ይሄዳል ማለት ነው። ፖሊሱ «ጋርዳ» ነው፣ ሲበዙ «ጋርዲ»። ጠቅላይ ሚኒስትሩ «ቲሾኽ» ይባላል። ዜናው በእንግሊዝኛ ቢሆንም እነዚህን ስሞች አይተረጉሟቸውም።

ሴቶች ልብ በሉ፣ ወንዶችም። ገጠር ያለ መጠጥ ቤት ወይም አዳራሽ ስትገቡ መጸዳጃ ቤቱ ላይ ሥዕል ላይኖር ይችላል። በኤፍ የሚጀምረው «ፊር» የወንዶች ነው። በኤም የሚጀምረው «ምኖ» የሴቶች ነው። ኤምን ያየ ሰው በእንግሊዝኛ ወንድ የሚለው ይመስለዋል። አይደለም።

የሰዎች ስም ሌላው ፈተና ነው። አጻጻፉና አነባበቡ በእንግሊዝኛ ሕግ አይሄድም። «ኒያምህ» ተብሎ የሚነበብ የሚመስለው ስም ኒቭ ነው። «ሲኦብሃን» የሚመስለው ሺቮን ነው። «አኦይፍ» የሚመስለው ኢፋ ነው። እኔን የጠቀመኝ ዘዴ ቀላል ነው። የሥራ ባልደረቦቼንና የአረጋውያኑን ስም እንዲጠሩልኝ ጠይቄ በፊደላችን ጻፍኩት። ፊደላችን የሰማውን ነው የሚጽፈው፣ አያደናግርም። በኪስ ደብተሬ ላይ ስሙ በአማርኛ ከተጻፈ በኋላ ተሳስቼ የምጠራው ሰው አልነበረም። ሰው ስሙ በትክክል ሲጠራ ፊቱ ይፈታል፣ ይሄ እንደ እኛው ነው።

የአባት ስም ላይ «ኦ» እና «ማክ» የሚሉትን ታገኛላችሁ። «ማክ» ልጅ ማለት ነው፣ «ኦ» ደግሞ የልጅ ልጅ ወይም ዘር።

የሰላምታውን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። በአይሪሽኛ ሰላም ለማለት «ዲያ ግዊት» ይባላል። እግዚአብሔር ካንተ ይሁን እንደ ማለት ነው። መላሹ ደግሞ «ዲያስ ሙራ ግዊት» ይላል። እግዚአብሔርና ማርያም ካንተ ይሁኑ ነው ነገሩ። መጀመሪያ ትርጉሙን ሲነግሩኝ አያቴን ነው የሰማሁት። አንዲት ከጎልዌይ የመጡ እናት አሉ፣ እድሜያቸው ገፍቷል፣ ብዙ ነገር ይረሳሉ። ጠዋት ስገባ «ዲያ ግዊት» ስላቸው ግን መልሱን አንድም ቀን ረስተውት አያውቁም። የማስታወስ ችግር ካለባቸውና ከጌልታኽት ከመጡ አረጋውያን ጋር የምትሠሩ ይህችን ብትማሩ ሥራችሁ ይቀላል። ማመስገን ሲሆን «ጎ ሬቭ ማህ አገት» ነው። «ፎልቸ» እንኳን ደህና መጣችሁ ነው፣ በሩ ሁሉ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ከአማርኛ ጋር የሚያመሳስለው ሌላም ነገር አለ። አይሪሽኛ «አዎ» እና «አይ» የሚሉ ቃላት የሉትም። ግሡን ነው የሚመልሱት። እኛም «በላሽ?» ስንባል «በላሁ» ወይም «አልበላሁም» እንላለን። ይህ ልማድ እንግሊዝኛቸው ውስጥ ገብቷል። «ትመጫለሽ?» ብትሏት በደረቁ «የስ» አትልም፣ «አይ ዊል» ነው የምትለው።

እንግሊዝኛቸው ውስጥ የገባው ይህ ብቻ አይደለም። እዚህ ላይ ተንከባካቢ የሆናችሁ በደንብ አንብቡኝ። አንድ አዛውንት «አይም አፍተር ቴኪንግ ዘ ታብሌት» ቢሏችሁ ክኒኑን አሁን ውጬዋለሁ ማለታቸው ነው። አፍተር የሚለውን ሰምታችሁ «በኋላ እወስዳለሁ» ወይም «ልወስድ እፈልጋለሁ» አሉ ብላችሁ እንዳትረዱት። አባባሉ ከአይሪሽኛ ሰዋስው ተገልብጦ የመጣ ነው፣ ቅርብ ጊዜ ያለቀን ነገር ያሳያል። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ ሰው አይገምተውም። ሁልጊዜ የመድኃኒት መዝገቡን ተመልከቱ። አዲስ ለሚገቡ የሥራ ባልደረቦቼ በመጀመሪያው ሺፍት የምነግራቸው ይህን ነው።

«ሺ ወዝ ጊቪንግ አውት ቱ ሚ» ካላችሁ ደግሞ ተቆጣችኝ ነው እንጂ የሰጠችው ነገር የለም። «ግራንድ» ማለት ደህና፣ እሺ፣ ይሁን ማለት ነው። «ፕሬስ» የወጥ ቤት ቁም ሳጥን ነው። «ክራክ» ሲሉ አትደንግጡ፣ ጨዋታና ደስታ ማለት ነው። «ዋትስ ዘ ክራክ?» የሚልህ ሰው ምን አዲስ ነገር አለ እያለህ ነው።

የልጆች ትምህርት ወላጆችን በጣም የሚያስጨንቅ ጉዳይ ነው። አይሪሽኛ በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ግዴታ ነው። ሆኖም ቢያንስ 12 ዓመት ሞልቶት ከውጭ የመጣ ልጅ ከትምህርቱ ነጻ እንዲሆን ወላጅ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ማመልከት ይችላል። ሳትጠይቁ ላይነግሯችሁ ይችላሉ፣ ስለዚህ ጠይቁ። ትንሽ ልጅ ይዛችሁ የመጣችሁ ግን አትጨነቁ። የክፍል ጓደኞቹም ቋንቋውን ከሀ ነው የሚጀምሩት፣ እቤቱ የሚናገረው ልጅ ጥቂት ነው። በሌላው ትምህርት በእንግሊዝኛ ምክንያት ወደኋላ የቀረ ልጅ በአይሪሽኛ ክፍል ከሁሉም እኩል ሲሆን አይቻለሁ። ለልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኔ በበኩሌ አስተምሯቸው እላለሁ። ሁሉም ትምህርት በአይሪሽኛ የሚሰጥባቸው «ጌልስኮል» የሚባሉ ትምህርት ቤቶችም በየከተማው አሉ፣ ለማንም ክፍት ናቸው።

ዩኒቨርሲቲ ለሚደርሱ አንድ ነገር ልጨምር። በናሽናል ዩኒቨርሲቲ ኦፍ አየርላንድ ሥር ያሉ ተቋማት ለመግቢያ አይሪሽኛ ይጠይቃሉ። ከአየርላንድ ውጭ የተወለደ ተማሪ ነጻ መሆን ይችላል፣ ግን በራሱ አይመጣም፤ ማመልከት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሰሜኑ ልሂድ። ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ነው።

ደሴቲቱ አንድ ናት፣ አገሩ ግን ሁለት ነው። ከ32ቱ አውራጃዎች 26ቱ የአየርላንድ ሪፐብሊክ ናቸው። ስድስቱ ሰሜን አየርላንድ ይባላሉ፣ ከ1921 ጀምሮ የዩናይትድ ኪንግደም አካል ሆነው ቀርተዋል። ዋና ከተማቸው ቤልፋስት ነው። እዚያ የተወለደ ሰው አየርላንዳዊ ነኝ ሊል ይችላል። ብሪታንያዊ ነኝም ሊል ይችላል። ሁለቱንም ነኝ ቢልም መብቱ ነው። በሚያዝያ 1998 የተፈረመው የቤልፋስቱ ስምምነት ይህን መብት በግልጽ አስቀምጦለታል። ለሠላሳ ዓመት ያህል ብዙ ሰው የሞተበት ጉዳይ ስለሆነ ቃሉን እናንተ አትምረጡለት። ራሱን በምን እንደሚጠራ አዳምጣችሁ በዚያው ጥሩት። ራግቢ ላይ መላዋ ደሴት በአንድ ቡድን ትጫወታለች፣ በእግር ኳስ ግን ሁለት ብሔራዊ ቡድን ነው።

ከደብሊን ቤልፋስት በባቡርም በአውቶቡስም ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው። ድንበሩ ላይ ኬላ የለም። የሚለወጠው የፍጥነት ምልክቱ ነው፣ ከኪሎ ሜትር ወደ ማይል። ከዚያ ስልካችሁ ሌላ አገር ገባችሁ ይላችኋል። ኬላ የለም ማለት ግን ሕግ የለም ማለት አይደለም። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ያለው ሰው፣ የአየርላንድ የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም፣ ሰሜን ለመግባት የብሪታንያ ቪዛ ያስፈልገዋል። በአየርላንድ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ለሚጓዝም እንደዚያው ነው። አውቶቡስ ላይ ወጥተው ወረቀት የሚጠይቁ አሉ፣ በተለይ ወደ ደቡብ ስትመለሱ። ያለ ቪዛ መገኘት በኋላ ለምታስገቡት ማመልከቻ ሁሉ ጠባሳ ይሆናል።

አንዲት እህታችን ቤልፋስት ክርስትና ተጠርታ ነበር። «ሁለቱም አየርላንድ ነው፣ ካርዴ ላይ አይሪሽ ይላል» ብላ ልትሳፈር ስትል ደወለችልኝ። ቪዛውን ጠይቂ አልኳት። ክርስትናው አመለጣት፣ ግን ቪዛው ወጣላትና ሕፃኑን ለልደቱ ደረሰችለት። እንዲህ የምታስቡ ካላችሁ በፊት ጠይቁ እላለሁ።

ካርዱ ላይ ያለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። ስትመዘገቡ የሚሰጣችሁ «አይሪሽ ሬዚደንስ ፐርሚት» አየርላንድ ውስጥ ለመኖር ፈቃድ ነው። አየርላንዳዊ አያደርጋችሁም። ዜግነት ሌላ መንገድ አለው። ለብዙው አመልካች ባለፉት ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ አምስት ዓመት የሚቆጠር ነዋሪነት ያስፈልጋል፣ የመጨረሻው ዓመት ሳይቋረጥ። «የሚቆጠር» የምትለውን ቃል አጥብቃችሁ ያዟት። በተማሪ ፈቃድ የኖራችሁበት ጊዜ አይቆጠርም። የጥገኝነት ጥያቄያችሁ መልስ እስኪያገኝ የጠበቃችሁበትም አይቆጠርም። እኔ ስሄድበት ማመልከቻው 175 ዩሮ፣ የምስክር ወረቀቱ 950 ዩሮ ነበር። በስደተኝነት ለታወቀ ሰው የምስክር ወረቀቱ ክፍያ አይጠየቅም። የቋንቋም የታሪክም ፈተና አልተፈተንኩም።

በሥነ ሥርዓቱ ላይ ለአየርላንድ ሕዝብና ለመንግሥቱ ታማኝ ለመሆን ቃል ትገባላችሁ። ብሔራዊ መዝሙሩ የሚዘመረው በአይሪሽኛ ነው። ከመቶ በላይ ከሆኑ አገሮች የመጣ ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ነበር። ደስ ብሎኛል፣ ደግሞም ከብዶኛል። የከበደኝ ለምን እንደሆነ አገራችንን የሚያውቅ ይረዳኛል።

አየርላንድ ሁለት ዜግነት ትፈቅዳለች። ኢትዮጵያ ግን አትፈቅድም። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በራሱ ፈቃድ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ስለዚህ አየርላንዳዊ ስትሆኑ የኢትዮጵያ ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ መጓዝ አትችሉም። የሚቀራችሁ መንገድ ቢጫ ካርድ የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። በአዋጅ 270/1994 የተሰጠ መብት ነው። ያለ ቪዛ አገራችሁ ትገባላችሁ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ትሠራላችሁ። መምረጥና መመረጥ ግን አይኖርም። በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መቀጠርም አይቻልም። ይህን ሳያውቅ ማንም ሰው ፊርማውን እንዲያኖር አልመክርም። አስቦ ከወሰነ ግን የሚያገኘውም ብዙ ነው። የአየርላንድ ዜጋ ያን ሰሜኑንም መላ ብሪታንያንም ያለ ቪዛ ይገባል፣ ይኖራል፣ ይሠራል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮችም እንደዚያው።

በደም የሚመጣ አየርላንዳዊነትም አለ። አያቱ ደሴቲቱ ላይ የተወለደች አሜሪካዊ፣ እግሩ አየርላንድን ሳይረግጥ፣ ተመዝግቦ ዜጋ መሆን ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰው ዘሬ ከአየርላንድ ነው ይላል። ስለዚህ አሜሪካዊ ጓደኛችሁ «አይሪሽ ነኝ» ሲላችሁ የቅድመ አያቶቹን አገር ነው የሚነግራችሁ። ደብሊን ያለ ሰው ሲል ግን የሚኖርበትን ነው።

እና ጥቁር ሰው አየርላንዳዊ ይሆናል ወይ? ይሆናል፣ ሆኗልም። ራሲዳት አዴሌኬ ደብሊን ተወልዳ ያደገች፣ ወላጆቿ ናይጄሪያውያን የሆኑ ሯጭ ናት። በ2024 የአውሮፓ ሻምፒዮና በድብልቅ ዱላ ቅብብል ለአየርላንድ ወርቅ ካመጡት አንዷ ናት። ኤርትራ የተወለደው ኤፍሬም ጊደይ በ2019 በአውሮፓ ከ20 ዓመት በታች አገር አቋራጭ ለአየርላንድ ነሐስ አምጥቷል። የእኛው አገር ልጅ ሂኮ ቶኖሳ በ2024 የደብሊን ማራቶን ከአየርላንዳውያን ወንዶች ቀዳሚ ሆኖ ገብቷል። ያን ቀን መንገድ ዳር ቆሞ የሚያጨበጭበው ሕዝብ «ካም ኦን አየርላንድ» ሲል እኔም አብሬ ጮኽኩ። ከየት ነሽ ብሎ፣ መልስ ሰጥታችሁት «አይ፣ በእርግጥ ከየት ነሽ?» የሚል ሰው አታጡም። ልጆቻችንን ይህ ያማቸዋል። የእኔዋ ልጅ «ደብሊን ነው የተወለድኩት» ብላ ታቆማለች፣ ትክክል ናት።

ፎርም ላይ ሁለቱን ጥያቄዎች ለዩ። ዜግነት የሚለው ፓስፖርታችሁን ነው የሚጠይቀው። የዘር ማንነት የሚለው ግን ራሳችሁን እንዴት እንደምታዩ ነው። ቆጠራው ላይ «ጥቁር ወይም ጥቁር አየርላንዳዊ» የሚል ሣጥን አለ፣ ከሥሩ አፍሪካዊ የሚል። ያን ለመምረጥ ፓስፖርት አይጠየቅም።

እዚህ የሚወለዱ ልጆችን ጉዳይ ሳልነካው ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ከ2005 ወዲህ እዚህ መወለድ ብቻውን ዜጋ አያደርግም። ሕዝቡ በ2004 ድምፅ ሰጥቶ የለወጠው ነው። ወላጆቹ ዜጋ ካልሆኑ፣ ከሁለቱ አንዱ ልጁ ከመወለዱ በፊት በነበሩት አራት ዓመታት ውስጥ ሦስቱን በሚቆጠር ፈቃድ የኖረ መሆን አለበት። እዚያ ከደረሳችሁ ልጁ ሲወለድ ጀምሮ ዜጋ ነው፣ ፓስፖርቱን ማውጣት ብቻ ነው የሚቀራችሁ። የመኖሪያ ካርዶቻችሁን ቅጂ ግን አትጣሉ፣ ጊዜው ያለፈበትንም። የሚቆጠረውን ዓመት የሚያሳየው እሱ ነው። አገር ቤት ተወልደው የመጡ ልጆች ደግሞ እናንተ ዜግነት ስታገኙ አብረው ዜጋ አይሆኑም። ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው ማመልከቻ ይገባል፣ የእናንተ የምስክር ወረቀት ከወጣ በኋላ።